የጋሽ ንጋቱ እንቁራሪቶች

ጋሽ ንጋቱ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። የነገረችኝ ድሮ አብራን ትሠራ የነበረች ነርስ ናት። ከሮቤ ደውላ ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጇ ሠርግ ስታወራልኝ ቆየችና በመጨረሻ «ንጋቱም ዐረፈልሽ» አለች፣ እንደ ዋዛ። እንዲህ ያለ ነገር በመጨረሻ ይነገራል እንዴ? ጮህኩባት። «አንቺ ናዝሬት ተቀምጠሽ ምን ታደርጊያለሽ ብዬ ነው» አለችኝ። ምን አደርጋለሁ? አለቅሳለኋ! ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ቆይቶ ደግሞ ንዴት መጣብኝ። በቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ስለ እንቁራሪቶቹ አንድም ቃል አልተነሳም አሉ። የት ተወለዱ፣ የት ሠሩ፣ ስንት ልጅ አፈሩ፣ አለቀ። እንግዲያው እኔ ልጻፈው።

ሮቤ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ አለቃዬ ነበሩ። እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ፣ እሳቸው ወደ ሃምሳው የተጠጉ። የመንዝ ሰው ናቸው፤ በንጉሡ ጊዜ ለሥራ ባሌ ተመድበው መጡና የጎባ ልጅ አግብተው እዚያው ቀሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሁልጊዜ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የሚሄዱ ሰው ነበሩ። ሲያወሩ ድንገት ዝም ካሉ ዝንብ አይተዋል ማለት ነው። እጃቸው ከየት እንደመጣ ሳታዩት ዝንቡ ክብሪት ቀፎ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ንግግራቸውን ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ካድሬም ፊት ቢሆን፣ ቄስም ፊት ቢሆን ያው ናቸው። አንድ ጊዜ ከዋና ከተማ የመጣ ተቆጣጣሪ ግንባር ላይ ሊይዙ ሲሉ ደርሼ ክንዳቸውን ይዣለሁ።

ዝንቡ ለእንቁራሪቶቹ ነው። የዛሬ ሰው አያምነኝም እንጂ፣ ያኔ አንዲት ሴት ነፍሰ ጡር መሆን አለመሆኗ በእንቁራሪት ይታወቅ ነበር። የሴቲቱን ሽንት በመርፌ ወስደው በወንድ እንቁራሪት ቆዳ ሥር ይወጋሉ። ሦስት፣ አራት ሰዓት ይጠብቃሉ። ከዚያ ከእንቁራሪቱ ሽንት ጠብታ ወስደው በማይክሮስኮፕ ያያሉ። ሴቲቱ ከፀነሰች የእንቁራሪቱ ዘር ጭራውን እያወዛወዘ ሲዋኝ ይታያል፤ ካልፀነሰች ባዶ ነው። ጋሽ ንጋቱ ይህን የተማሩት በወጣትነታቸው ከአንድ የውጭ ሐኪም ነው። እንቁራሪቶቹን መጀመሪያ ለሥራ ብለው ያዟቸው፤ ቆይቶ ግን ቤታቸው ድረስ ገቡ። ባለቤታቸው አዴ ሎሚ ሲያጫውቱኝ «እኔን ያገባኝ ጊዜ ግማሹ አልጋ የኔ፣ ግማሹ ክፍል የራቻ ነበር» ይሉ ነበር። ራቻ በኦሮምኛ እንቁራሪት ነው።

ኋላ ከውጭ በጠብታ የሚሠራ አዲስ መመርመሪያ መጣ። እንቁራሪት አያስፈልግም ተባለ። ጋሽ ንጋቱ ሁሉንም በባልዲ ይዘው ሻያ ወንዝ ወስደው ለቀቋቸው፤ ያን ዕለት ምሳ አልበሉም አሉ አዴ ሎሚ። እኔ የተቀጠርኩት ከዚያ በኋላ ነው። የማውቃቸው ጋሽ ንጋቱ ጠብታ ጠብ አድርገው፣ ውጤት ጽፈው፣ ሰዓት ጠብቀው ወደ ቤት የሚሄዱ ጸጥ ያሉ ሰው ነበሩ።

አብዮቱ መጣ። ጠብታው አለቀ። ደብዳቤ ጻፍን፤ በሂደት ላይ ነው ተባለ። ደግመን ጻፍን፤ አሁንም በሂደት ላይ ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ጋሽ ንጋቱ ጆንያ የለበሰ ባልዲ ይዘው ከች አሉ፤ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። ባልዲው ውስጥ የሆነ ነገር ይዘላል።

«ተመለስን፣ ዘነቡ» አሉኝ። ጥርሳቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው፤ የፊት ጥርሳቸው መሐል ክፍተት እንዳለውም አላውቅም ነበር።

እኔ ጩኸቴን ለቀቅኩት። እሳቸው ግን ምንም አልመሰላቸው። «አንቺን ሲያዩሽ እነሱ ምን እንደሚሰማቸው ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆኑ። ሰፊ አፍ ያላቸው ብልቃጦች ሰበሰቡ፤ በአንድ ብልቃጥ አንድ ወንድ ብቻ። በየኋላ እግራቸው ቀለሙ የተለያየ ክር አሰሩ፣ እንዳይቀያየሩ። የሮቤ ብርድ ያፈዛቸዋል ብለው መርፌ የምንቀቅልበት ቡታጋዝ አጠገብ ደረደሯቸው። ለምሳ ወጥተው በሰዓታቸው የማይመለሱ ሰው አልነበሩም፤ አሁን ግን ፌንጣ ሲያሳድዱ ይዘገያሉ። ሴቶቹም ለመዱት። የገበያ ቀን ከገጠር የሚመጡት በር ላይ ሆነው «ራቺ ማል ጄዴ?» ይላሉ፤ እንቁራሪቱ ምን አለ ማለታቸው ነው። እሳቸው በመንዝ ቅላጼ በኦሮምኛ ሲመልሱላቸው ሳቅ ይሆናል።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ አያውቁም፤ ስህተት ላይ። «እዚህ ክፍል ውስጥ አለቃ የለም» ይሉኛል። «ስሳሳት ካየሽ ጩኺ። ማንም ቢኖር ጩኺ።» አንድ ጊዜ የሁለት ሰው ናሙና ሊያቀያይሩ ሲሉ አይቼ ጮህኩ። አመሰገኑኝ። ማመስገን ብቻ አይደለም፣ ለጤና ጣቢያው ሰው ሁሉ «ዛሬ ዘነቡ ባትኖር አበላሽቼ ነበር» እያሉ ሲናገሩ ዋሉ። እኔው አፈርኩ።

ዘመኑ ግን ክፉ ነበር። ሰው በግድግዳ ጥግ ጥግ ነው የሚሄደው። ትናንት ሰላም ያላችሁት ዛሬ የለም፤ የት ሄደ ተብሎ አይጠየቅም። የከተማው ካድሬ ድሮ የሳይንስ አስተማሪ የነበረ ሰው ነው። ስሙን አልጠራም፤ ልጆች አሉት፣ እነሱ ምን አጠፉ? መጀመሪያ ብልቃጦቹን ያየ ቀን «ይህ የአድኃሪያን ጥንቆላ ነው» ብሎ ሊያስደፋቸው ነበር። ጋሽ ንጋቱ አስቀምጠው በማይክሮስኮፕ አሳዩት። በሳምንቱ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ እንቁራሪቶቹ በራስ ኃይል የመተማመን ምሳሌ ናቸው አለና አስጨበጨበላቸው። ጋሽ ንጋቱም አጨበጨቡ፤ እግረ መንገዳቸውን አንድ ዝንብ ያዙ።

አንድ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ካድሬው ጠብመንጃ ከያዘ አንድ ጠባቂና ከአንዲት ወጣት ጋር ላቦራቶሪያችን ገባ። ጫልቱን አወቅኳት፤ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፣ ከታሰረች አራት ወር ሊሆናት ነው። ክረምቱን እስር ቤት እንደከረመች ባውቅም እንዲህ ከስታለች ብዬ አልጠበቅኩም። ካድሬው ነገሩን በአጭሩ ተናገረ። ስምንት ሰዓት ላይ እስረኞች የሚወስድ መኪና አለ። ስሟ ዝርዝሩ ውስጥ ነው። እሷ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነኝ ብላለች። እውነት ከሆነ እስክትወልድ ትቀራለች፤ ውሸት ከሆነ ትሄዳለች። ወዴት እንደምትሄድ አልተናገረም። ከዚህ በፊት በዚያ መኪና ከሄዱት አንድም የተመለሰ አልነበረም፣ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል።

«ደግሞ አታታሉኝም» አለ። «እንቁራሪታችሁ ለሁሉም አለ የሚል እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ያላረገዘች ሴትም ትመርመርና ልዩነቱን በዓይኔ ልይ።»

ዞር ዞር ብሎ አየና ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። «ይቺ ትሁን። ስድስት ዓመት ተጋብታ ባዶ አይደለች እንዴ? አገር የሚያውቃት መካን ናት።»

እንዲህ ነው ያለው፤ እኔው ፊት፣ በር ላይ የቆመው ጠባቂ እየሰማ። ጋሽ ንጋቱ ከወንበራቸው ተነሡ። «ጓድ፣ ይህ ነውር ነው» አሉ። በዚያ ዘመን ካድሬን ነውር ነው ማለት ምን ማለት እንደሆነ የነበረ ያውቀዋል። «ግድ የለም ጋሼ» አልኩ ፈጥኜ። የአገሩ ሴት ሁሉ ከኋላዬ የሚለውን ነው እሱ በፊቴ ያለው፤ አዲስ አይደለም። ግን አመመኝ።

ጫልቱን ወደ ሽንት ቤት የወሰድኳት እኔ ነኝ። ጠባቂው ከውጭ ቆመ። በዝግታ «እውነት ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«የለም» አለች፣ በከንፈሯ ብቻ። ከዚያ እጄን ያዘችኝ፤ ጣቶቿ በረዶ ናቸው። «አለ በሉልኝ፣ እቴ። ገለቶሚ!» አለችኝ። ገለቶሚ በኦሮምኛ አመሰግናለሁ ማለት ነው፤ ሳላደርግላት አስቀድማ ማመስገኗ ነበር።

ካድሬው ሰባት ሰዓት ላይ እመለሳለሁ ብሎ ወደ መኪናው ሄደ። ጠባቂው እንቁራሪት ስለሚፈራ ደጅ ቀረ፤ ጫልቱም ግቢው ውስጥ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ጋሽ ንጋቱ የእሷን ቀይ ክር ላለው ወጉ፣ የእኔን ነጭ ክር ላለው። እኔ መዝገብ ላይ ጻፍኩ። እስክሪብቶውን እንዳስቀመጥኩ ጫልቱ ያለችኝን ነገርኳቸው።

«ውሸቷን ነው?» አሉ።

«ውሸቷን ነው። አለ ብለው ይጻፉላት!»

እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በዚያች ጠባብ ክፍል ወዲያና ወዲህ ማለት ጀመሩ። «ራሱ ሊያይ ነው፣ ዘነቡ። ማይክሮስኮፕ ያውቃል፤ እኔው ነኝ ያሳየሁት። የሌለውን ከየት አምጥቼ ላሳየው?»

እውነታቸውን ነበር። አንዲት ነፍሰ ጡር ብትመጣልን ኖሮ ሽንቷን ተቀብለን እንተካ ነበር። በር ላይ ጠብመንጃ ቆሞ ማን ይመጣል? ያን ዕለት ለወትሮው የሚሞላው ግቢ ጭር ብሎ ነው የዋለው። ሴቶች ገና ከሩቁ እያዩን ይመለሳሉ። ሰዓቱ ግን ይሄዳል። አራት ሆነ፣ አምስት ሆነ። ጋሽ ንጋቱን ጠላኋቸው፤ እውነቴን ነው፣ በእሳቸው ላይ ምንም ጥፋት ሳይኖር ጠላኋቸው። ይህን ሁሉ ዓመት ፌንጣ ሲያሳድዱ፣ ዛሬ አንዲት ነፍስ ማዳን አቃታቸው አልኩ በልቤ። በመስኮት ጫልቱ ትታየኛለች። አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኔን ሰበርኩ።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ጋሽ ንጋቱ ከቀዩ ክር ጠብታ ወስደው አዩ። ብዙ አዩ። መስታወቱን ወደ ጎን ሲያደርጉት ባዶ መሆኑን ከትከሻቸው አወቅኩ። ከዚያ ለወጉ ያህል ነጩን ወሰዱ። አጎነበሱ። ቀና አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አጎነበሱ። በሩ ተከፈተና ካድሬው ገባ።

«እህስ?»

«ይምጡ፣ ይዩ» አሉት ጋሽ ንጋቱ። «ይህ የእስረኛዋ ነው።»

ማይክሮስኮፑ ሥር ያለው ግን የነጩ ክር ነው። የእኔ። ሲወስዱ ዓይኔ አይቷል። ተሳስተዋል! እንዲያ ስጨነቅ ቆይቼ እንኳ አፌ እንደለመደው ከፈት አለ፤ «ጋሼ፣ ተሳሳ...»

«ዘነበች!» አሉ። ዘነቡ እንጂ ዘነበች ብለውኝ አያውቁም። ሳይዞሩ ነው ያሉት። «ውሃ ቀጂ።»

ባልዲውን ይዤ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ያለው ቧንቧ ጋ ደረስኩ፤ ከፈትኩት፤ ባልዲው ሞልቶ ሲፈስ ቆሜ አያለሁ። እሳቸው እንዲህ አይሳሳቱም፣ ሆን ብለው ነው ያደረጉት። የነጩን ነው ያሳዩት። ነጩ ውስጥ የሚታይ ነገር ካለ፣ ነጩ የእኔ ነው።

ወሩ እንደዘገየብኝ አውቅ ነበር። ግን በስድስት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ዘግይቶ፣ ስንት ጊዜ ስለት ተስዬ፣ ስንት ጊዜ አልቅሼ መቁጠር ትቼዋለሁ። እጄን ወደ ሆዴ ልወስድ ስል ጠባቂውን አየሁት። እጄን መልሼ ባልዲው ላይ አደረግኩ።

ስገባ ካድሬው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ማይክሮስኮፑ ላይ ተጣብቋል። «ይዋኛሉ!» አለ፣ እየሳቀ። ለአፍታ የድሮው አስተማሪ ሆኖ ነበር። ቀጥሎ የእኔ ነው የተባለውን አየ። ቀና ብሎ ተመለከተኝ፤ ዓይኑ ውስጥ ትንሽ ሐዘኔታ ያየሁ መሰለኝ።

«ባዶ» አለኝ።

«አዎ፣ ባዶ ነኝ» አልኩት።

በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ካድሬው ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ አንድ ስም ሰረዘ። «እስክትወልድ ትቆይ» ብሎ ወጣ። ስምንት ሰዓት ላይ መኪናው ሸራውን ለብሶ በበራችን በኩል አለፈ። ጫልቱ ግድግዳው ሥር ነበረች። ሌሎቹ ግን ሄዱ። የእነሱን ስም ማን ይሰርዝ?

ጋሽ ንጋቱ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ እጃቸውን እየታጠቡ በሹክሹክታ «የአንቺ ነው» አሉኝ። «ከባድ ዕቃ አታንሺ። ለማንም አትንገሪ፤ ለባልሽም ቢሆን፣ ለጊዜው።»

ጭንቀቱ ያን ቀን ያበቃ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ጀመረ። ስድስት ዓመት የለመንኩት ሆድ ቢገፋ ሦስት ሰው ያስገድላል። የእኔ ሊያድግ ነው፣ የጫልቱ አያድግም፤ ካድሬው ደግሞ በየሳምንቱ ይመጣል። ሰፊ ጋዋን ለበስኩ። ማስታወክ ሲመጣብኝ «እነዚህ እንቁራሪቶች!» እያልኩ እወጣለሁ፤ ሰው ይስቃል። በሁለተኛው ወር ጋሽ ንጋቱ አንገቱ በሚባል የቆላ ከተማ የወባ ደም የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል ብለው ወደዚያ እንድዛወር አስጻፉልኝ። የሳነቲን ብርዳም አምባ ተሻግሬ ሐረና ጫካ ውስጥ ወረድኩ። ባለቤቴ የመንገድ ሥራ ሾፌር ነው፤ እዚያ ሲመጣ ነገርኩት፣ መሪውን ይዞ አለቀሰ። የጫልቱን ደግሞ ጋሽ ንጋቱ ጽንሱ ወርዷል ብለው ጻፉ። ያ መኪና ዳግመኛ አልመጣም። እኔ ከመውለዴ በፊት ብዙ እስረኛ ሲፈታ እሷም ተፈታችና ብድሬ በሚባል አገር ወዳሉ ዘመዶቿ ሄደች።

ሴት ልጅ ወለድኩ። እንዲህ ያለ ወሬ ደግሞ የሳነቲ ብርድም አያቆመውም። «መካኗ ወለደች» ሲባል ካድሬው ጆሮ ደረሰ፤ በጣቱ ቆጠረ። ጋሽ ንጋቱን አስጠርቶ ወሩን ፊታቸው ላይ ቆጠረላቸው።

ምን እንዳሉ የነገሩኝ አዴ ሎሚ ናቸው። «ተሳስቻለሁ» አሉ። «ክሮቹ ተቀያይረውብኛል። ዓይኔም ደክሟል። ረዳቴ አታውቅም፣ እስረኛዋም አታውቅም። የሥራ ግድየለሽነት የእኔ ነው።» እንዲህ ብለው በጽሑፍ ፈረሙ። ጽሑፉ በስብሰባ ላይ ተነበበ። የጠርሙስ ምልክት አንድ ቀን ቢዛነፍ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው፣ ግድየለሽ ተብለው በሕዝብ ፊት ቆሙ። ስምንት ወር ታሰሩ። ብልቃጦቹን ጠባቂዎች ግቢው ውስጥ ደፏቸው፤ አዴ ሎሚ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ከሣር ውስጥ ሲለቅሙ ዋሉ፣ ስድስት ተገኙ።

ካድሬው ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውሮ፣ ጋሽ ንጋቱም ተፈትተው ወራት ካለፉ በኋላ ልጄን ይዤ ሮቤ ሄድኩ። ሁለት ዓመቷ ነው። ከሥራ ተሰናብተው ቤት ነበሩ፤ ከእስሩ ወዲህ ግራ እጃቸው በደንብ አይታዘዝም። መስኮቱ ሥር ብልቃጦች ተደርድረዋል፤ አሁን ለማንም ምርመራ አይደለም፣ ለራሳቸው ነው። ልጄ አፍንጫዋን ብልቃጥ ላይ ለጥፋ «ራቻ! ራቻ!» ትላለች። እሳቸው ዝንብ ያዙላት፤ በቀኙ።

«ጋሼ፣ ያንን ወረቀት ሲፈርሙ አልከበደዎትም?» አልኳቸው። ስንት ጊዜ ልጠይቅ ብዬ የፈራሁት ነው።

«እሱ ቀላል ነበር» አሉ። ጥቂት ዝም አሉ፤ ዝንብ ያዩ መስሎኝ ዞርኩ፣ የለም። «የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ስድስት ዓመት የጠበቅሽውን ነገር እንደ ሌባ ጀርባዬን ሰጥቼ ነገርኩሽ። ሌሊት ሌሊት እሱ ነው የሚመጣብኝ።»

ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲወጡ አሮጌ ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰዋል። በዚያች በማትታዘዝ እጃቸው አንድ በአንድ እስኪቆልፉ አዴ ሎሚም እኔም ጠበቅናቸው። ቀጥ ብለው ፊቴ ቆሙ።

«ወይዘሮ ዘነበች» አሉ፣ ጮክ ብለው፤ ደጅ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። «የምርመራ ውጤትዎ ደርሷል። ነፍሰ ጡር ነዎት። እንኳን ደስ አለዎት።»

ልጄ የጋዋናቸውን ጫፍ ይዛ ትስቃለች። እኔ ደግሞ እንደ አዲስ ሰማሁት። ቧንቧው ጋ የዋጥኩት ሁሉ አንድ ጊዜ ወጣና እልል አልኩ፤ ማቆም አቃተኝ። አዴ ሎሚም ተቀበሉኝ። ጎረቤት ምን ተገኘ እያለ በሩን ሞላው።

«ዘነቡ አርግዛ ነው» አሏቸው አዴ ሎሚ፣ ልጄን ከመሬት አንሥተው እያሳዩ።